ስለ ዘር ቈጠራ፤ ከሰባት ቤት እስከ ዲ.ኤን.ኤ.

በታሪክ ክበብ አባላት የቀረበ

ባለፈው ዓመት ከክበባችን አባላት የአንዱ አጎት የሆነ፣ በውጭ አገር የሚኖር ሰው፣ ምራቁን በትንሽ ብልቃጥ አድርጎ ዘር ለሚመረምር ኩባንያ ላከ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ትውልዱ ከመቶ ስንት ስንቱ ከየትኛው ሕዝብ እንደ ሆነ የሚያሳይ ሠንጠረዥ መጣለት። እርሱም ለቤተሰቡ በስልክ ስለ ላከው በእኛም ክፍል ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ከሠንጠረዡ የሚበዛው እጅ ኢትዮጵያ የሚል ነበር፤ ጥቂቱ ግን ቤተሰቡ ዘመድ አለኝ ብሎ ከማያስበው ከሩቅ አገር የተጻፈ ነበር። የተማሪው አያት ይህን በሰሙ ጊዜ «በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ሰው አልገባም!» ብለው ተቈጡ። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ በሣቅ ባለፈ ነበር። ዳሩ ግን ዓመት ሳይሞላ ያው ኩባንያ በዚያው ምራቅ ላይ ተመሥርቶ ሁለተኛ ሠንጠረዥ አወጣ፤ በዚህኛውም ሩቁ አገር ጨርሶ ጠፍቶ የኢትዮጵያ ድርሻ ከፍ ብሎ ተገኘ። አያቲቱ «አላልኋችሁም?» አሉ። እኛ ግን የሰውየው ደም ሳይለወጥ ዘሩ እንዴት ሊለወጥ ይችላል? ብለን ተጠያየቅን። ለዚህ የበዓል መጽሔት የምናቀርበው ጽሑፍ ከዚያ ክርክር የተወለደ ነው። አንባቢ እንዳይሳሳት፣ በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

ዘር መቍጠር ለጎጃም ሰው አዲስ ሥራ አይደለም። ጋብቻ ሲታሰብ የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች እስከ ሰባት ቤት ድረስ ይቈጥራሉ፤ በመካከሉ የሥጋ ዝምድና ከተገኘ ነገሩ ይፈርሳል። ከዚህም የበለጠ ዘር ያስቈጥር የነበረው የርስት ጉዳይ ነው። በ1975 በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የርስት ሥርዐት እስኪቀር ድረስ፣ መሬት የሚጠይቅ ሰው ከአቅኚው አባት ጀምሮ እስከ ራሱ ያለውን ሐረግ በሽማግሌዎች ፊት መዘርዘር ነበረበት። አለን ሆበን የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ስለ አማራ የመሬት ይዞታ በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሥርዐት በደጋ ዳሞት ተቀምጦ በስፋት መርምሮታል። ርስት በአባትም በእናትም በኩል ስለሚጠየቅ አንድ ሰው ከብዙ አቅኚዎች ሊወለድ ይችላል፤ የትኛውን ሐረግ አጥብቆ እንደሚይዝ የሚወስነው ግን ብዙ ጊዜ የሚያስገኝለት መሬት ነበር። መሬት የማያስገኘው ሐረግ እየተረሳ ይሄዳል። እንግዲህ አያቶቻችን የቈጠሩት ሁሉን ሳይሆን የሚፈለገውን ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ሁሉን እንቍጠር ቢባልስ? ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሰው 2 ወላጆች፣ 4 አያቶች፣ 8 ቅድመ አያቶች አሉት። እንዲህ እያጠፍን ስንሄድ በሰባተኛው ቤት 128 ሰዎች እናገኛለን፤ ከወላጆቹ ጀምሮ እስከ ሰባተኛው ቤት ያሉት ሲደመሩ 254 ይሆናሉ። ለአንድ ትውልድ 25 ዓመት ብንሰጥ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት፣ ማለት በ20ኛው ቤት፣ ቍጥሩ 1,048,576 ይደርሳል። በዚያ ዘመን በዚህ አገር ያን ያህል ሰው ለአንድ ሰው ብቻ አያት ሆኖ ሊቆጠር ስለማይችል፣ ያው አንዱ ሰው በብዙ መንገድ ተመላልሶ አያት ሆኗል ማለት ነው። ሰባት ቤት ቈጥሮ ያልተዛመደ ሁሉ ዐሥራ አምስት ቤት ቢቈጥር ኖሮ ምናልባት በጎጃም ውስጥ ሰርግ የሚበላ ባልተገኘ ነበር።

አሁን ወደ ዲ.ኤን.ኤ. እንምጣ። የሳይንስ መምህራችን እንዳስረዱን፣ በሰውነታችን ሕዋሳት ውስጥ 23 ጥንድ ክሮሞሶሞች ሲኖሩ፣ ከጥንዱ አንደኛው ከአባት፣ ሁለተኛው ከእናት ይመጣል። በእነርሱም ላይ በአራት ፊደላት ብቻ የተጻፈ፣ ሦስት ቢሊዮን ገደማ ፊደል ያለው ጽሑፍ አለ። ሁለት ሰዎች ከየትም አገር ቢመጡ፣ ጽሑፋቸው ሲተያይ ከሺሕ ፊደል 999ኙ ገደማ አንድ ነው። ኩባንያዎቹ የሚያነቡት ጽሑፉን ሁሉ አይደለም፤ በሰዎች መካከል ልዩነት የሚታይባቸውን፣ በመቶ ሺሕ የሚቈጠሩ የተመረጡ ቦታዎችን ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። «ይህ ፊደል የአማራ ነው፣ ያ ፊደል የዐረብ ነው» የሚባል ነገር የለም ለማለት ይቻላል። ፊደላቱ በየሕዝቡ ውስጥ ይገኛሉ፤ የሚለያየው ብዛታቸው ነው። ለምሳሌ ያህል፣ በአንድ ቦታ ላይ አንድ ፊደል በሀ ሕዝብ ዘንድ ከመቶ 60፣ በለ ሕዝብ ዘንድ ከመቶ 20 ጊዜ ይገኛል እንበል። ይህ ፊደል የተገኘበት ቁራጭ ከሀ ሕዝብ የመምጣቱ ዕድል ከለ ሦስት እጥፍ ይበልጣል። በአጠገቡ ባለው ሁለተኛ ቦታ የተገኘው ፊደል ግን በሀ ዘንድ ከመቶ 30፣ በለ ዘንድ ከመቶ 60 ቢሆን፣ ሦስት እጥፍ የነበረው ወደ አንድ ተኩል እጥፍ ይወርዳል። ኮምፒዩተሩ ይህን በመቶ ሺሕ ጊዜ እየደጋገመ ካሰላ በኋላ ከሁሉ የሚስማማውን ድልድል ያወጣል። ስለዚህ ሠንጠረዡ የሚነግረን ግምትን ነው፤ ለማነጻጸሪያ በቀረቡት ሕዝቦች ላይ የተመሠረተ ግምት።

ነገሩን በአገራችን ምሳሌ ማየት ይቻላል። የቅኔ ትምህርት ዋድላ፣ ጎንጅና ዋሸራ የሚባሉ ሦስት ቤቶች እንዳሉት፣ ከሦስቱም ሁለቱ የጎጃም መሆናቸው የታወቀ ነው። ጉባኤ የዋለ ሊቅ አንድ ቅኔ ሲሰማ በአካሄዱ የየትኛው ቤት ልጅ እንደ ተቀኘው ሊገምት ይችላል። ነገር ግን ዋድላንና ጎንጅን ብቻ የሚያውቅ፣ ዋሸራን ሰምቶ የማያውቅ ሰው ይፍረድ ቢባል ምን ይላል? «ይህ ቅኔ ስድሳው እጅ ጎንጅ፣ አርባው እጅ ዋድላ ነው» ሊል ነው። ውሸት አልተናገረም፤ በሚያውቀው ለክቷል። የተቀኘው ተማሪ ግን ከሁለቱም ቤት ደጃፍ አልደረሰም።

በኢትዮጵያውያን ላይ የደረሰው ይኸው ነው። በ2015 የተጠናቀቀው «የአንድ ሺሕ ጂኖም» የተባለው ታላቅ ዓለም አቀፍ ሥራ የ26 ሕዝቦችን 2,504 ሰዎች ጽሑፍ አንብቦ ለማንኛውም ተመራማሪ ክፍት አድርጓል። ከ26ቱ ውስጥ ግን አንድም የኢትዮጵያ ሕዝብ አልነበረም። በምሥራቅ አፍሪካ በኩል የተወሰዱት በኬንያ የሚኖሩት ሉህያዎች ብቻ ናቸው። እንዲህ ባለው መደርደሪያ ላይ ብቻ ቢመዘን የመርጡለ ማርያም ሰው እኩሌታው ወደ ኬንያ፣ እኩሌታው ወደ ሜዲትራንያን ማዶ ሊበተን ነው። የተማሪው አጎት ሠንጠረዥ የተለወጠበትም ምክንያት ከዚህ የራቀ አይደለም። እንዲህ ያሉ ኩባንያዎች የማነጻጸሪያ ሰዎቻቸውን እየጨመሩና ስሌታቸውን እያደሱ ይሄዳሉ፤ በዚህም ጊዜ የተለወጠው መደርደሪያው እንጂ ሰውየው አይደለም። ደግሞም በሰባተኛው ቤት ያለ አንድ አያት በአማካይ የሚያወርሰን ከ128 እጅ አንዱን፣ ማለት ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞላ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ካሉትም ከብዙዎቹ አንድም ቁራጭ ላይደርሰን ይችላል። የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆችም የሚወርሱት ቁራጭ ስለሚለያይ ሠንጠረዣቸው አንድ አይሆንም። እንግዲህ በሠንጠረዥ ላይ «አንድ በመቶ» የሚል ሲታይ ለመኵራትም ለመቈጣትም መቸኰል አያስፈልግም።

የኢትዮጵያ ሕዝቦች ራሳቸው በመደርደሪያው ላይ ሲቀመጡስ ምን ታየ? በ2012 ሉካ ፓጋኒና ባልደረቦቹ፣ ከእነርሱም መካከል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው እንዳሻው በቀለ፣ የ235 ሰዎችን ዲ.ኤን.ኤ. መርምረው ጥናት አወጡ። ሰዎቹ ከ10 የኢትዮጵያ ሕዝቦችና ከ2 ጎረቤት ሕዝቦች የተወሰዱ ሲሆኑ አማራ፣ ትግራይ፣ ኦሮሞ፣ አፋር፣ ወላይታ፣ ጉሙዝና አኙዋክ ይገኙባቸዋል። በሴማዊና በኩሻዊ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ ዘንድ ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው እጅ ከአፍሪካ ውጭ ካሉ ሕዝቦች ጋር ይበልጥ ይመሳሰላል፤ መቀላቀሉም በአማካይ ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት እንደ ሆነ ተገምቷል። የሚያስደንቀው ደግሞ፣ ይህ ክፍል ከደቡብ ዐረብ ሰዎች ይልቅ በምሥራቅ ሜዲትራንያን ካሉት፣ እንደ ሶርያና እስራኤል ካሉት ሕዝቦች ጋር መቀራረቡ ነው።

ወሬው ሲሰማ የዓለም ጋዜጦች ወዲያው ንግሥተ ሳባንና ንጉሥ ሰሎሞንን አነሡ። እኛም ብንሆን ልባችን ሞቆ ነበር፤ ይህን አንደብቅም። ሆኖም የታሪክ ተማሪ ቀዝቀዝ ብሎ መጠየቅ አለበት። «ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት» የሚለው ግምት ለብዙ ዘመን የቈየን ቅልቅል በአንድ ቍጥር የሚያጠቃልል ነው፤ የአንዲትን ንግሥት ጉዞ ሊያይ አይችልም። ለመመዘኛ የቀረቡትም የዛሬዎቹ ሶርያውያንና የመናውያን ናቸው፤ የዛሬ 3,000 ዓመት በእነዚያ አገሮች የነበሩት ሰዎች የዛሬዎቹን ይመስሉ እንደ ነበር ሠንጠረዡ ብቻውን አያረጋግጥም።

ከቅልቅሉ በፊት የነበረ ሰው ቢገኝ ይህ ሁሉ ጭንቅ በቀለለ ነበር። ተገኘም። በ2012 ጆንና ካትሪን አርተር የተባሉ አሜሪካውያን የጥንተ ታሪክ ሊቃውንት በጋሞ ደጋ በምትገኝ ሞታ በምትባል ዋሻ (ጎረቤታችን ሞጣ እንዳትመስላችሁ!) ከ4,500 ዓመት በፊት የተቀበረ ሰው አጥንት አወጡ። ቦታው ቀዝቃዛ በመሆኑ ዲ.ኤን.ኤ.ው ሳይጠፋ ቈይቶ ነበር፤ ከጆሮው አካባቢ ካለው ጠንካራ አጥንትም ተነበበ። ሰውየውንም በጋሞ ቋንቋ «ባይራ»፣ ማለት በኵር፣ ብለው ሰየሙት። ውጤቱ በ2015 ሲወጣ ከአፍሪካ የተገኘ የመጀመሪያው ሙሉ ጥንታዊ የዘር ጽሑፍ ሆነ። ባይራ ከውጭ የመጣው ቅልቅል የለበትም፤ ስለዚህ ቅልቅሉ ከእርሱ በኋላ መሆኑ ታወቀ።

ይሁን እንጂ ሊቃውንቱ ከዚህ አልፈው፣ ያ ቅልቅል በምሥራቅ አፍሪካ ሳይወሰን እስከ ምዕራብና እስከ መካከለኛው አፍሪካ ድረስ ተዳርሷል ብለው ጽፈው ነበር። ጥቂት ወራት ሳይቈዩ በ2016 መጀመሪያ ላይ ስሕተት መሥራታቸውን ራሳቸው አስታወቁ። የሁለት የኮምፒዩተር ፕሮግራሞችን ውጤት ለማገናኘት የሚያስፈልግ አንድ እርምጃ ተዘልሎ ኖሯል። የምሥራቅ አፍሪካው ነገር ጸንቶ ሲቀር የቀረው አፍሪካ ነገር ወደቀ። ይህን የምናነሣው ለማሳፈር አይደለም፤ ስሕተትን በአደባባይ ማረም እኛ በፈተና ወረቀታችን ላይ እንኳ የማንወደው ነገር ነውና አክብረነዋል።

ባይራ ዛሬ ካሉት ሕዝቦች ሁሉ ይበልጥ የሚቀርበው በደቡብ ኦሞ ከሚኖሩት ከአሪዎች ነው። አሪዎችን ከጠቀስን ዘንድ፣ በዚህ ጽሑፍ ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካውን ነገር እንናገር። በአሪ ሕዝብ ውስጥ ገበሬዎችና ብረት ቀጥቃጮች አይጋቡም፤ ቀጥቃጮቹ የተናቁ ናቸው። ዘራቸው ሲመረመር ኮምፒዩተሩ ቀጥቃጮቹን ከገበሬዎቹ ለይቶ ለብቻቸው እንደ ቆሙ ሌላ ሕዝብ አስቀመጣቸው። ሠንጠረዡን ብቻ ያየ ሰው «አላልንም? ቀጥቃጭ ዘሩ ሌላ ነው» ሊል ይችል ነበር። አንዳንድ ሊቃውንትም ቀደም ብለው ቀጥቃጮቹ ከገበሬዎቹ በፊት በአገሩ የነበሩ የሌላ ጥንታዊ ሕዝብ ቅሬታ ሳይሆኑ አይቀሩም የሚል ሐሳብ ነበራቸው።

በ2015 ሉሲ ቫን ዶርፕና ባልደረቦቿ ጉዳዩን በጥንቃቄ እንደገና መረመሩ። ያገኙትም ተቃራኒውን ነው፤ ገበሬውና ቀጥቃጩ ከአንድ ግንድ የተገኙ፣ የተለያዩትም ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ ነው። ታዲያ ኮምፒዩተሩ ለምን ለያቸው? ከትልቅ ጎተራ ሰርገኛ ጤፍ አንድ እፍኝ ብትዘግኑ፣ በእፍኙ ውስጥ ቀዩ እንዳጋጣሚ ሊበዛ ይችላል። ያን እፍኝ ለብቻው እየዘራችሁ፣ እንደገና ጥቂት እየዘገናችሁ ብትዘሩ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ነጩ ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። አላፊ አግዳሚው ሲያየው ሌላ ዘር ይመስለዋል፤ የወጣው ግን ከዚያው ጎተራ ነው። ቀጥቃጮቹም ጥቂት ሆነው እርስ በርሳቸው ብቻ እንዲጋቡ ስለ ተገደዱ ፊደላቸው እንዲሁ ተለየ። መናቁ ልዩነቱን ፈጠረ እንጂ ልዩነቱ መናቅን አልፈጠረም።

በእኛም አገር ቀጥቃጩ፣ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ «ቡዳ» እየተባሉ ሲሰደቡ ኖረዋል። ማረሻውን ያለ ቀጥቃጭ፣ ምጣዱን ያለ ሸክላ ሠሪ ማን ያገኘዋል? የጎጃም ባለ እጆች ዘር እንደ አሪዎቹ ተመርምሯል ማለታችን አይደለም። ነገር ግን «ዘሩ ሌላ ነው» የሚለውን ቃል እኛ ራሳችን በክፍል ውስጥ አባቱ ቀጥቃጭ በሆነ ጓደኛችን ላይ ስንቀልድበት እንደ ነበር አንክድም። ይህ ክፍል በክበባችን ስብሰባ ላይ ሲነበብ አንባቢው እርሱ ነበር። ሲጨርስ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ጤፉን ማን ለየው?» አለ። የመለሰለት አልነበረም።

በ2021 ደግሞ ሳዮአ ሎፔዝና ባልደረቦቿ መደርደሪያውን በእጅጉ አሰፉት። 68 ብሔረሰቦችን የሚወክሉ 1,214 ኢትዮጵያውያንን ከትውልድ ቦታቸው፣ ከቋንቋቸው፣ ከሃይማኖታቸውና ከ31 ባህላዊ ልማዶች ጋር አገናዝበው መረመሩ። በጠቅላላው የዘር መመሳሰል የቋንቋን ወገን እየተከተለ ይሄዳል፤ ሆኖም ቋንቋቸው እጅግ የተራራቀ ሕዝቦች በቅርብ ዘመን በመጋባታቸው በጣም ተመሳስለው የተገኙበት ብዙ ነው። አንድ ዓይነት ልማድ ያላቸውም ሕዝቦች በአማካይ ይበልጥ ይቀራረባሉ።

መደርደሪያው ይህን ያህል ቢሰፋም በላዩ ሊቀመጡ የማይችሉ አሉ። ለዚህ ሩቅ ሳንሄድ ጋፋቶችን እናንሣ። በዐባይ ግራና ቀኝ፣ በዳሞትም ይኖሩ የነበሩት ጋፋቶች የራሳቸው ሴማዊ ቋንቋ ነበራቸው። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1770 አካባቢ ወደ አገራችን በመጣ ጊዜ በጋፋትኛ የተጻፈ ጽሑፍ ይዞ ሄዷል። በ1947 የቋንቋ ሊቁ ዎልፍ ሌስላው በብዙ ድካም ፈልጎ ቋንቋውን የሚያውቁ አራት ሰዎች ብቻ አገኘ። ዛሬ የሚናገረው የለም። ሕዝቡ ግን አልሞተም፤ አማርኛ ተናጋሪ ሆኖ ከጎጃም ሰው ጋር አንድ ሆነ። እንግዲህ ዛሬ ከጎጃም ሰው ምራቅ ተወስዶ «አማራ» የሚል ስም ያለው ማነጻጸሪያ ሲዘጋጅ፣ በዚያ ስም ውስጥ ጋፋቱም፣ አገውም፣ ከ16ኛው መቶ ዘመን ወዲህ ዐባይን የተሻገረው ኦሮሞም አለበት። ሠንጠረዡ በዛሬ ስም የትናንትን ሰው ይጠራል።

የከተማችን ታሪክ ራሱ ከዚህ የተለየ አይደለም። የጥንቱ የመርጡለ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ጥርብ ድንጋይ እስከ ዛሬ የእቴጌ እሌኒን ስም ያስጠራል። እሌኒ የሐድያው ገራድ ልጅ ናቸው፤ በእስላም ቤት ተወልደው፣ ክርስትና ተነሥተው የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት ሆኑ። ከእርሳቸው በኋላ በተነሡት ነገሥታት ዘመንም ታላቅ ሥልጣን ነበራቸው፤ በ1508 ልብነ ድንግል ገና በልጅነቱ ሲነግሥ መንግሥቱን ከያዙት አንዷ ነበሩ። ማቴዎስ የተባለውን መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል የላኩት እርሳቸው ናቸው። በ17ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ሱስንዮስ ጊዜም ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን በዚሁ ስፍራ እንደገና ሠርተዋል። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት እሌኒ ልጅ አልወለዱም። በመርጡለ ማርያም ያለነው ሁሉ ምራቃችንን ብንልክ አንድም ፊደል ከእርሳቸው ወርሰን አንገኝም። ሆኖም ከሐድያ የመጡት እኒህ ሴት ያሠሩት ደብር በከተማችን ስም ላይ ይጠራል።

አጎትየው ሁለተኛው ሠንጠረዥ ከመጣለት በኋላ፣ እውነተኛውን ሐረግ ከአያቱ ቃል ጽፈን እንድንልክለት ጠይቆን ነበር። በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሄደን አያቲቱን አስቀመጥናቸው። በአባታቸው በኩል ያለ ማመንታት ሰባት ስም ቈጠሩልን። በእናታቸው በኩል አራት ደርሰው ቆሙ፤ የአምስተኛዋን «ከዐባይ ማዶ የመጣች ናት ይሉ ነበር፤ ስሟን እናቴም አላወቀችው» አሉን። ከ254ቱ ቦታዎች 11ዱን ሞልተን ላክንለት፤ ለአምስተኛዋም «ከዐባይ ማዶ» ብለን ጻፍን።